ከሦስተኛው ቋሚ ሥር

አውራ ጣቴ ይቆጠቁጠኛል፣ ደስ የሚል ቁጥቆጣ፣ በሞረድ የፈገፈጉት ይመስል ቆዳው ተልጧል፤ ባስ የሚሉት የሐይቅ ዓሣ ጥርሱ እንደ ውሻ ጥርስ አይደለም፣ እንደ ድመት ምላስ ሻካራ ነው፣ የታችኛውን ከንፈሯን ይዘው ሲያነሷት ማኅተሟን አሳርፋ ትሄዳለች፣ እዚህ በሰው አገር ሐይቅ ዳር ሰው ቀለበቱን ሳይሆን አውራ ጣቱን ነው የሚያሳይ፣ እኔም ይኸው አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በመጋረጃው ቀዳዳ በምትገባው ብርሃን ጣቴን እያገላበጥሁ አያለሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ተኚ እታፈራሁ፣ ማታ ተረኛ ነሽ፣ የዶሮ ፋብሪካው ወለል ራሱን አያጥብም፣ ተኚ። አልተኛም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀን ለመተኛት ስታገል ኖሬአለሁ፣ መጋረጃው ላይ ጥቁር ጨርቅ ደርቤ ሰፍቻለሁ፣ ግን ጨርቅ ድምፅ አይከለክል፤ ጀልባ ያልፋል፣ ውሻ ይጮኻል፣ የማን መኪና እንደሆነ በሞተሩ አውቃለሁ፣ ማን ከማን ቤት በስንት ሰዓት እንደወጣ አውቃለሁ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ሥራ አለው፣ ማየት ነው። ድሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሐሳብ ነበር። ዛሬ ደስታ ነው፣ ደስታም ለካ እንደ ቁንጫ ነው፣ አያስተኛም። ስልኩ ትራሴ ሥር ነው። በለጡ ትደውላለች፣ ታናሽ እህቴ፣ ደብረ ሲና አሁን መሽቷል፣ እናታችንን አገላብጣ ልጆቿን አስተኝታ ትደውልና «እንዴት ነሽ እታለም፣ ደከመሽ?» ትለኛለች፣ እኔም «ደከመኝ» እላታለሁ፣ ይኸው ነው የቅዳሜ ንግግራችን ስንት ዓመት፣ እሷ ታዝንልኛለች፣ እኔ ሐዘኗን እቀበላለሁ፣ እናት የምታስታምመው እሷ፣ ዓሣ የማባርረው እኔ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልበላት፣ ደስ ብሎኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይባላል?

ነገሩ የመጣው በዚሁ መስኮት ነው። የኔ ተጎታች ቤት ከመንገዱ በላይ ነው፣ የቨርና ቲድዌል ቤት ከመንገዱ በታች፣ ውሃው ጥግ፣ ከጓሮዋ የእንጨት መድረክ ወጥቶ ሐይቁ ላይ በስምንት ቋሚ ቆሟል፣ ጀልባዋም እዚያው ታስራለች። ባሏ ሃርላን የሞተ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ በሳህን ምግብ እየሸፈነ ሲመላለስ ቆጥሬአለሁ፣ ዐሥራ አራት ሳህን ገባ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ሄደ፣ ሴትዮዋ ግን በሦስተኛው ሳምንት የማጥመጃ ዘንጓን ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች። ወረወረች፣ ሳበች፣ ወረወረች፣ ሳበች። ዓሣ ያዘች፣ የክንድ ያህል፣ ከንፈሩን ይዛ አየችው፣ የሆነ ነገር አለችው፣ መልሳ ውሃ ውስጥ ለቀቀችው። እኔ መስኮቱ ላይ ጮህሁ፣ አመለጣት ብዬ ነዋ። ሌላ ያዘች፣ እሱንም መለሰች። ሦስተኛውንም። በለጡ ስትደውል «ጎረቤቴን ሐዘን አሳብዷት ዓሣ እያወጣች ትጥላለች» አልኋት፣ በለጡም «ውይ ምስኪን፣ ጠበል ብትወስጂያት» አለችኝ። ያንን ወሬ አንድ ዓመት በላነው። ዛሬ ስንት ያዘች፣ ስንት ጣለች፣ ዝናብ ላይ ቆማ ነበር፣ ለዓሣው ምን አለችው፣ ከዚህ ሆኜ አይሰማኝም እንጂ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እስካንዲት ቀን ድረስ ነው ታዲያ፣ ቨርና ፊቷን ወደ ሐይቁ እንዳደረገች፣ ዞር እንኳ ሳትል ጮኸች፣ «አንቺ! ከመጋረጃው ኋላ ያለሽው! ባስም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ግን ባስ አጎንብሶ ነው የሚያይ፣ ያንቺ አናት ይታያል! ነይ ውረጂ!»

ወረድሁ። በቤት ቀሚሴ። ስሜን ጠየቀችኝ፣ እታፈራሁ አልኋት፣ ሁለት ጊዜ ሞክራ ተወችው፣ «ኤታ ይሁን፣ አያቴም ኤታ ነበረች፣ እሷም በመስኮት ታይ ነበር» ብላ ዘንግ አስያዘችኝ። የመጀመሪያው ውርወራዬ ዛፍ ላይ ተሰቀለ፣ ሁለተኛው የቨርናን ኮፍያ ከራሷ አንስቶ ሐይቅ ከተተው፣ «ጥሩ ነው፣ ኮፍያ ይዘሻል፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ ቀኑ ምንም አይዝም» አለችኝ እየሳቀች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። መንጠቆው ላይ የሚሰካው የላስቲክ ትል ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ የሕፃን መጫወቻ የሚመስል። «እትዬ ቨርና፣ ይህን ላስቲክ የሚውጥ ዓሣ ካለ ያ ዓሣ ሞኝ ነው» አልሁ። «ሞኝ አይደለም የኔ ማር፣ ነገረኛ ነው። ርቦት ሳይሆን፣ ከደጃፌ ማን አለፈ ብሎ ነው የሚነክሰው።» ከደጃፌ ማን አለፈ ብሎ! ልቤ የተነካው እዚያ ላይ ነው። ባስ እንደ ሌላው ዓሣ ሲዞር አይውልም፣ ይቆማል፣ ከግንድ ሥር፣ ከመድረክ ሥር፣ ከሣር ጥግ፣ እሱ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ብርሃን ውስጥ የሚያልፈውን ሁሉ ይቆጣጠራል፣ ይህማ እኔ ነኝ፣ ይህማ የስንት ዓመት ሥራዬ ነው፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት የተማረችው ትምህርት ይኸው አንድ ነው። ትሉን እጥላለሁ፣ ጎተት አደርጋለሁ፣ እተወዋለሁ፣ ክሩን በጣቴ ይዤ እጠብቃለሁ፣ እና ቶክ፣ ቶክ፣ ውሻ ያለበትን በር ፈራ ተባ እያለ እንደሚያንኳኳ ሰው። «አሁን!» ትላለች ቨርና፣ ዘንጉን ወደ ላይ መታሁት፣ ውሃው ፈነዳ፣ አረንጓዴ ነገር ዘሎ አየር ላይ ራሱን አራገፈ፣ እኔም አብሬው ጮህሁ፣ በአማርኛ፣ የማውቃቸውን ጻድቃን ሁሉ ጠራሁ። ከስንዝር ተኩል አይበልጥም ነበር። ከንፈሩን ያዢ አለችኝ፣ ያዝሁ፣ ሻካራ፣ ቀዝቃዛ፣ ዓይኑ ያየኛል። መልሺው አለችኝ። መለስሁት። ያን ቀን አልተኛሁም፣ ዓይኔን ስጨፍን ቶክ ቶክ ይለኛል፣ ማታ ወለል ሳጥብ የውሃው ጎማ በእጄ ሲንቀጠቀጥ ዘንግ ይመስለኛል፣ አለቃዬ «ኤታ፣ ምን ያስቅሻል?» ይለኛል፣ ምን ልበለው።

ጀልባ ላይ መጀመሪያ የወጣሁ ዕለት ጾም ነበር፣ ምሳዬ ሁለት ሙዝ። መሃል ደርሰን ልልጥ ሳወጣ ቨርና እባብ እንዳየ ሰው ሁለት እጇን አነሳች፣ «ሙዝ! ጀልባዬ ላይ ሙዝ!» ሞተሩን አዙራ እስከ መድረኩ ተመለሰች፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ሙዞቹን ቋሚው አናት ላይ አስቀመጥሁ፣ ሽኮኮ በላቸው፣ ከዚያ ነው ጉዞ የቀጠልነው። ለምን ብል ማንም አያውቅም። ሙዝ ካለ ዓሣ የለም፣ አለቀ። እኔስ ምን እላለሁ፣ እኛም ወፍ በማይሆን ወገን ስትጮኽ መንገድ እንመለስ የለ። ይህንን ተማርሁ፣ ክር መቋጠር ተማርሁ፣ ነፋስ ማንበብ ተማርሁ፣ በቋንቋቸው ምላሴ እንኳ ተፈታ፣ ጀልባ ላይ ቨርና ስለጎረቤቱ የማታውቀውን እኔ ነገርኋት፣ እኔ ስለሐይቁ የማላውቀውን እሷ ነገረችኝ፣ ሁለት ዓመት፣ በዚህ አገር ከፋብሪካው አለቃ ሌላ ስሜን የሚጠራ ሰው እሷ ብቻ ነበረች፣ ግማሽ ስሜንም ቢሆን።

ውይ፣ ኦፓል። ይህን ባላስበው በወደድሁ፣ ግን እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት የተከደነ ድስት አይወድም፣ ሁሉን እየከፈተ ያያል። ዓምና መጋቢት። ቨርና ጉልበቷን ልታስቀይር ሐንትስቪል ከተማ ሄዳ ሆስፒታል ተኝታለች፣ «መድረኩ ያንቺ ነው፣ ተጫወቺበት» ብላኛለች። ውሃው ሞቅ ሲል ትልልቆቹ እናቶች እንቁላላቸውን ተሸክመው ወደ ዳር ይመጣሉ፣ አውቃለሁ፣ ሦስተኛው ቋሚ ሥር ትሉን ጣልሁ። ቶክ አላለም። ክሩ ዝም ብሎ ወደ ጎን ሄደ፣ ረጋ ብሎ፣ ሰዓቱ እንደደረሰ ሰው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እጄ ያውቀዋል እኔ አላውቀውም፣ ብቻ መድረኩ ላይ ተንበርክኬ ሰባት ፓውንድ የሞላች፣ ሦስት ኪሎ የምታልፍ ዓሣ ታቅፌ ነበር፣ ማንም ሳያይ፣ ለማን ልጩኽ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሁዳዴ ነው፣ ሥጋ የለ ቅቤ የለ፣ ፈቃድ ወረቀት አለኝ፣ ወረቀቱን ያወጣልኝ ሮይስ፣ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ባለቤቱ፣ በቀን ዐሥር መውሰድ ትችያለሽ ብሎኛል፣ ዐሥር ከተፈቀደ አንዷ ምን አላት፣ መመለስ የቨርና ጠባይ መሰለኝ እንጂ የአገሩ ሁሉ ሃይማኖት መሆኑን ማን ነገረኝ። ቅርፊቷን ገፈፍሁ፣ ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። በማግስቱ ቨርና በክራንች ከመኪና ስትወርድ እኔ ሳህን ሸፍኜ ደጇ ቆሜአለሁ፣ በሐዘኗ ሰሞን ከዐሥራ አራቱ ሳህን አንዱም የኔ አልነበረም፣ አሁን ካስሁ ብዬ ተነፋሁ። በላች። ላቧን እየጠረገች በላች፣ ጨምሪልኝ አለች፣ ጨመርሁላት። «የኔ ማር፣ ይሄ ምን ዓሣ ነው?» «የርስዎ ነዋ እትዬ ቨርና! ከሦስተኛው ቋሚ ሥር፣ ይህን የምታክል፣ ጭራዋ ላይ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ነገር ያለባት!» ሹካዋ መንገድ ላይ ቆመ። «ኦፓል» አለች። እኔ አልገባኝም። «ኦፓል ናት። ሃርላን አራት ጊዜ ይዟታል፣ አራት ጊዜ መልሷታል። ሊሞት ሲል እዚያ መድረክ ላይ በወንበር ተቀምጦ ያዛትና፣ ‹እኔ ስሄድ አንቺ ከቨርና ጋር ቆዪ› ብሏት ነው የለቀቃት።» ከዚያ ሳህኑን አየች። ከዚያ እኔን። «ኤታ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ሄድሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላል ያገሬ ሰው፣ እኔ ግን የሰው አደራ ነው ያወጣሁት፣ አውጥቼም በበርበሬ ሠርቼ ለባለአደራዋ አበላሁ፣ ይህን ለማን ይናገሩታል፣ ለበለጡ ተናገርሁ፣ «ዓሣ አይደለም እንዴ?» አለች። ዓሣማ ነው። ወሬው በሁለት ቀን ሐይቁን ዞረ፣ ወሬ እንዴት እንደሚዞር ለኔ አይነገርም፣ ሮይስ ሱቅ ስገባ አንዱ «ዓሣችሁን ደብቁ፣ ኤታ መጣች!» ይላል፣ ሮይስ ራሱ «ትል ልስጥሽ ወይስ በርበሬ?» ይለኛል፣ «ትል ስጠኝ፣ ያንተን ጢም የሚመስል ቀለም ካለ» እላለሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እንደሚቀባው የማላውቅ መስሎታል። እንደዚያ እየተባባልን ስንቄን ይዤ እወጣለሁ። ከመድረኩ ቀረሁ እንጂ ከውሃው አልቀረሁም። መቅረትማ ሞክሬ ነበር፣ ሦስት ቀን፣ በሦስተኛው ቀን ግቢዬ ውስጥ ባልዲ አስቀምጬ ትል ስወረውር ራሴን አገኘሁት። ድልድዩ ሥር እሄዳለሁ፣ ከሥራ ወጥቼ በፋብሪካ ቦቲዬ፣ ዶሮ ዶሮ እየሸተትሁ፣ ውርጭ ላይ፣ ዝናብ ላይ፣ የመንገድ ዳር ዛፍ ነጭ ሲያብብ ውሃው ስንት እንደሚሞቅ አውቃለሁ፣ ደመና ሲሆን ዓሦቹ ከጥላ ወጥተው እንደሚበተኑ አውቃለሁ፣ በክረምት ትሉን እንደ ሐሜት ቀስ አድርጎ መጎተት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልጋዬ ሥር አምስት ዘንግ ተኝቷል፣ ከኔ ይልቅ ይተኛሉ። ያዝሁትን ሁሉ ለቀቅሁ። ስለቅ «ለኦፓል» እላለሁ። መቶ አርባ ሰባት ጊዜ ብያለሁ። እና አንድ ቀን፣ ጥቅምት ይመስለኛል፣ ዘንጌን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በመንገዱ ሳልፍ፣ የቨርና መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። እኔ መጋረጃ አውቃለሁ። ነፋስ ያንቀሳቀሰውንና ጣት ያንቀሳቀሰውን እለያለሁ። ቀና ብዬ አላየሁም፣ ቀስ ብዬ ነው የተራመድሁት፣ በደንብ እንድታየኝ፣ ልቤ ሞቀ፣ የምትታይ ሰው ገና አልተረሳችም።

ሐሙስ ዕለት በሬ ተንኳኳ። ቶክ፣ ቶክ። ቨርና ናት፣ ያለ ክራንች። ዓይኔን አታይም፣ ከትከሻዬ በላይ ታያለች። «የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የዓሣ ውድድር ቅዳሜ ነው። ጥንድ ካልሆኑ አያስገቡም። የሃርላን ወንድም ወገቡ ተያዘ። ሊነጋ ሲል ዐሥራ አንድ ሰዓት። ሙዝ እንዳትይዢ።» ዞራ ሄደች። በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያልተኛሁት እንቅልፍ ነው እንግዲህ አሁንም ያልተኛሁት። ስለውድድሩ አይደለም። ጀልባ ላይ ሰባት ሰዓት አብረን ልንቀመጥ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ወይ ስሜን ትጠራኛለች ወይ አትጠራኝም፣ በቃ ይኸው ነው የያዘኝ።

እና ዛሬ ጧት ውሃው ላይ ነን፣ ጉም አለ፣ ሃምሳ ጀልባ አብሮ ተነስቶ ሁሉም በየአቅጣጫው ጠፋ፣ ቨርና «ያዥ» ትላለች፣ «ልቀቂ» ትላለች፣ ሌላ ቃል የለም። ለሚዛን አምስት ዓሣ ነው የሚያስፈልግ፣ በሕይወት ያሉ፣ ጀልባው ሆድ ውስጥ ባለው የውሃ ገንዳ ይቀመጣሉ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሱ ዋጋ የላቸውም። አራት ሰዓት ላይ አራት ነበሩን፣ ሁሉም ቀጫጭን። አንድ አሮጌ የጀልባ ቤት አጠገብ ደረስን፣ ጣራው የዘመመ፣ ሥሩ ጥቁር ጥላ። «ሦስት ጀልባ ሲጥልበት አይቻለሁ፣ እንለፈው» አለች። ከተነሳን ወዲህ ያን ያህል ረጅም ነገር ስትናገር ገና መስማቴ ነው። «እትዬ ቨርና፣ ሦስቱም ጥላው መሃል ነው የጣሉት» አልሁ። «እና የት ይጣል?» «ወሬኛ ሰው ቤቱ መሃል አይቀመጥም። በሩም ላይ አይቆምም። የመጋረጃው ጫፍ ላይ ነው፣ እሱ የሚያይበት፣ ሌላው የማያየው።» ሞተሩን አጠፋች። ጥላው አልቆ ብርሃኑ የሚጀምርባት መስመር ነበረች፣ የጣት ወርድ፣ ከኔ በላይ ማን ያውቃታል፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርሁባት መስመር ናት፣ ትሉን እዚያ ላይ አሳረፍሁት። ቶክ አላለም። ክሩ ዝም ብሎ ወደ ጎን ሄደ።

መታሁ። ዘንጉ እስከ ውሃው ጎበጠ፣ ማጠንጠኛው ጮኸ፣ እሷ ወደ ታች እኔ ወደ ላይ፣ ከጀልባው ሥር ገባች፣ በአፍጢሜ ተደፍቼ ዘንጉን ውሃ ውስጥ ነክሬ አዞርኋት፣ ከዚያ ዘለለች፣ እግዚአብሔር ያውቃል የአንድ ዓመት ሕፃን ነው የዘለለው የመሰለኝ፣ አፏ ጆንያ። «ክሩን አታላዪ! አታላዪ! ጎተት አታድርጊ፣ ትምጣ፣ በራሷ ትምጣ!» ቨርና መረቡን ይዛ ተንበረከከች፣ በአዲሱ ጉልበቷ፣ «ለዚህ ነው ያስቀየርኩት!» እያለች ትጮኻለች፣ እኔ ቅድስት እላለሁ እሷ ጌታዬ ትላለች፣ መረቡ ገባ፣ መረቡ ወጣ። ሁለታችንም ጀልባው ወለል ላይ ተቀምጠን ዓሣዋን መሃላችን አድርገን ተነፈስን። ቨርና መጀመሪያ ያየችው ጭራዋን ነው። ሙሉ ጭራ፣ ያልተቆረጠ። እጇን ጭራዋ ላይ አድርጋ ቆየች። «እትዬ ቨርና፣ ስለ ኦፓል ይቅር ይበሉኝ» አልሁ፣ ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ የዞረች ነገር ናት፣ ወጣች። «ሰዓት ሄዷል» አለች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ ፊቷ ወደ ነፋሱ ስለነበር ምን እንደሚመስል አላየሁም፣ እኔ፣ ሁሉን የማየው።

ሚዛኑ ጋ የሚቆመው ሮይስ ነው፣ ድምፅ ማጉያውም በእጁ ነው፣ ሰው ሁሉ በየመኪናው ጀርባ ተቀምጦ የተጠበሰ ዶሮ ይበላል፣ እኔ ያጠብሁት ፋብሪካ ዶሮ ይሆናል። «ስምንት ፓውንድ ከዐሥራ አንድ አውንስ!» አለ ሮይስ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ የዕለቱ ትልቅ ዓሣ የኛ፣ በአምስቱ ድምር ሁለት ጥርስ ሐኪም ወንድማማቾች በለጡን፣ ይብለጡን፣ ደህና ጥርስ ይንቀሉ። «ኤታ፣ ሳህን ይዘሽ መጥተሻል?» አለ አንዱ። «ሮይስ፣ ኤታ ሽንኩርት ሳትከትፍባት ቶሎ ወደ መልቀቂያው በርሜል ክተታት!» አለ ሌላው። ሳቁ። እኔም ሣቅሁ፣ ምን ላድርግ፣ ይገባኛል። ያኔ ቨርና ድምፅ ማጉያውን ከሮይስ እጅ ወሰደች። «ስሙ» አለች። ዶሮ የሚያኝከው ሁሉ ቆመ። «ኦፓልን ኤታ ብቻ አይደለችም የበላቻት። እኔም በልቻታለሁ። ሁለት ሳህን። ጨምሪልኝ ብዬ። ዓመት ሙሉ ለምን እንዳኮረፍኋት ታውቃላችሁ? ስለበላቻት አይደለም። ስለጣፈጠችኝ ነው። ከሃርላን ሞት ወዲህ የጣፈጠኝ ምግብ እሱ ብቻ ነበር፣ እሱም ኦፓል ሆነችና አረፈችው።» መጀመሪያ የሳቀው ሮይስ ነው፣ ከአፍንጫው፣ ከዚያ ጥርስ ሐኪሞቹ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ፣ ቨርናም ራሷ እንባዋን በኮፍያዋ እየጠረገች፣ «ሃርላን ቢኖር ሦስተኛ ሳህን ይጠይቅ ነበር» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ኤታ፣ ምን ቆመሻል?» ስሜን። ግማሹን ስሜን። «ዓሣዋን ስጡኝ» አልሁ፣ «በርሜል አትገባም፣ ወደ ቤት ልውሰዳት»። ሮይስ ቨርናን አየ። «ስጣት» አለች ቨርና፣ «ከኔ ጋር ነች»።

ገንዳው ውስጥ አድርገን ሐይቁን አቋርጠን መጣን፣ ቀስ እያልን፣ በየደቂቃው ክዳኑን እየከፈትሁ አያታለሁ፣ ትተነፍሳለች፣ ታየኛለች። ሦስተኛው ቋሚ ጋ ስንደርስ መድረኩ ላይ በሆዴ ተኝቼ እጄን ውሃ ውስጥ ከትቼ ከንፈሯን ያዝሁ፣ ውሃው በጉሮሮዋ እንዲያልፍ ወዲያ ወዲህ አልኋት። «ስም ያስፈልጋታል፣ አንቺ አውጪላት» አለች ቨርና ከላይ። «በለጡ» አልሁ። «ቤ... ቤሌቱ?» «ይሆናል»። ጣቴን ነከሰችው፣ ይኸው ቁጥቆጣው፣ ከዚያ ጭራዋን አንድ ጊዜ ብቻ መታ አድርጋ ወደ ጥላው ገባች፣ አልሮጠችም፣ የቤት ኪራይ ለማየት እንደመጣ ሰው ዞር ዞር ብላ አየችና ቆመች። የመስመሯ ጫፍ ላይ ነው የቆመችው።

ስልኩ ትራሴ ሥር ይጮኻል። «እንዴት ነሽ እታለም፣ ደከመሽ?» አፌ ለምዶበት «ደ» አለ። «ደስ ብሎኛል፣ በለጡ።» «ምን ሆንሽ?» ደነገጠች። ነገርኋት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጥላውን፣ ጉልበቱን፣ ሁለቱን ሳህን። «እና ዓሣዋ የታለች?» «ለቀቅኋት።» «ለቀቅሻት!» ከኋላዋ እናቴ ከአልጋዋ ላይ «ምኑን ነው የለቀቀች?» ትላለች። «ዓሣ፣ እማዬ! ግልገል የምታክል ዓሣ!» «ልጄን አንድ ሰው ጠበል ይውሰድልኝ» አለች እናቴ፣ እና ሳቀች፣ እናቴ፣ ሳሏ እስኪነሳ። በለጡም ሳቀች። «በስምሽ ነው የጠራኋት» አልሁ። «ዓሣ በስሜ?» «ከስምንት ፓውንድ በላይ ናት።» «እንዲያ ከሆነ ይሁን።» «በለጡ፣ ደከመኝ ስልሽ የኖርሁት ሁሌ እውነት አልነበረም። እናንተ እዚያ እያላችሁ ደስ አለኝ ማለት አፍሬ ነው።» «አውቃለሁ» አለች። «ከየት?» «ዓሣ ስትይ ድምፅሽ ይለወጣል እታለም። እኔማ ባል አግብተሽ የደበቅሽን መስሎኝ ሦስት ዓመት ስጠብቅሽ ነበር።»

«ኤታ!» ከታች ነው፣ ከመድረኩ። «መጋረጃሽ ተንቀሳቅሷል! ካልተኛሽ ውረጂ!» ስልኩን ሳልዘጋ በምስል አድርጌ ቦቲዬን አጠለቅሁ፣ ከጠረጴዛው ላይ ሙዝ አነሳሁ፣ እየበላሁ ወረድሁ፣ ልጣጩን መንገዱ ጋ ጣልሁ፣ ወደዚያ አይሻገርም። ቨርና ወንበር ላይ ናት፣ ሁለተኛ ወንበር አውጥታለች። «ማን ናት?» አለች ስልኩን አይታ። «በለጡ ናት፣ ባለስሟ» አልኋት። ስልኩን አዙሬ በውሃው ላይ ዘረጋሁት፣ ሦስተኛው ቋሚ ሥር። «ታየችሽ?»

«ምንም አይታየኝም እታለም» አለች እህቴ። «ጥላ ብቻ ነው።»

«አዎ» አልኋት፣ «እሱ ነው ቤቷ። አትጩኺ፣ እያየችሽ ነው።»